የሚፈናጠጡት ወይስ የሚቀመጡበት? በሞተርሳይክልና በስኩተር መካከል ለመምረጥ

ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስንት ሲሲ ልግዛ?» ብሎ ነው፤ የሞተሩን መጠን ማለቱ ነው። ቀጥሎ ፍጥነት ይመጣል፣ ከዚያ ቀለም። ስኩተር ይሁን ሞተርሳይክል የሚለው ጥያቄ እንደ መልክ ምርጫ ተቆጥሮ መጨረሻ ላይ ይነሣል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው እርሱ ነው እላለሁ። ጉድጓድ ላይ ወገብዎ የሚቀበለውን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬንዎ የሚሸከመውን፣ በወር ስንት ጊዜ እጅዎ ዘይት እንደሚነካ የሚወስነው እርሱ ነውና።

ሲሲ ሁለቱን አይለያቸውም። 50 ሲሲ ብቻ ኖሮት ካቴና፣ ማርሽና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) የተሟላለት ሞተርሳይክል አለ፤ 650 ሲሲ ሞተር ተሸክሞ በአውራ ጎዳና ከመኪና እኩል የሚሮጥ ስኩተርም ተሠርቷል። ዋጋም አይለያቸውም። ብዙ ሰው ዋና መለያ አድርጎ የሚይዘው በራሱ የሚቀየር ማርሽ እንኳን በሁሉም ስኩተር ላይ አልነበረም፤ እመለስበታለሁ።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ከመቀመጫው ፊት ያለውን ቦታ ይመልከቱ። ሞተርሳይክል ላይ ያ ቦታ ሙሉ ነው፦ ከላይ የነዳጅ ታንኩ፣ ከታች ሞተሩ፣ ሁለቱን አቅፎ የያዘው ሻንሲ። እግርዎን አንሥተው ወደ ማዶ ያሻግራሉ፤ ታንኩን በጉልበትዎ ጨምቀው ይይዛሉ። ስኩተር ላይ ያው ቦታ ባዶ ነው። ሞተሩ ከመቀመጫው ሥር ሆኖ ወደ ኋላ ጎማው ተጠግቷል፤ ከፊት ጠፍጣፋ ወለልና እግርን የሚከልል ጋሻ ብቻ አለ። አማርኛችን ለሁለቱ ሁለት ግስ አለው፦ ሞተርሳይክልን ይፈናጠጡታል፣ ስኩተር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያ ባዶ ቦታ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል ነው።

ባዶው ቦታ ለምን ተፈለገ

ስኩተር መሰል ተሽከርካሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ነበሩ፤ ቅርጹን ለዓለም ያስለመደችው ግን ቬስፓ ናት። ጦርነቱ ሲያበቃ አውሮፕላን ይሠራ የነበረው የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ፖንቴዴራ ያለው ፋብሪካው በቦምብ ፈራርሶበት ነበር። ኤንሪኮ ፒያጆ ለተራው ሕዝብ የሚሆን ቀላል መጓጓዣ እንዲነድፍለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮን ጠየቀው። ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተርሳይክል አይወድም ነበር። ያልወደደውንም አንድ በአንድ አስወገደው። ካቴና ልብስ ያቆሽሻል፤ ስለዚህ ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጋር አያይዞ ካቴናውን አስቀረው። ጎማ ሲተነፍስ መቀየር ያስቸግራል፤ ስለዚህ የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ አስይዞ እንደ መኪና ጎማ ተፈትቶ የሚወጣ አደረገው። መፈናጠጥ ቀሚስ ለለበሰ ሰው አይመችም፤ ስለዚህ መካከሉን ባዶ ተወው። የፈጠራ መብት ማመልከቻው የገባው ፍሎረንስ ላይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1946 ነው። የመጀመሪያዋ ቬስፓ 98 ሲሲ ሞተርና 8 ኢንች ቸርኬ ነበራት። ስሟ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው፤ ወገቧ ቀጭን፣ ኋላዋ ሞላ ያለ ነውና። በማግሥቱ ዓመት ላምብሬታ ተከተለቻት።

ያቺ ቬስፓ ማርሽ ነበራት፤ በግራ እጅ መያዣውን ከነመጭመቂያው በማዞር የሚቀየር ሦስት ማርሽ። ስኩተርነቷን የሰጣት አቀማመጧና የሞተሯ ቦታ ነበር። የተወለደችውም ለአጭር መንገድ፣ ለንጹሕ ልብስና ቶሎ ቶሎ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ነው። ዛሬም ስኩተር ለዚያ ሥራ ሲውል የሚያማርር ሰው አላጋጠመኝም፤ ካልተወለደበት ሥራ ላይ ሲያውሉት ግን ምሬቱ ይጀምራል።

ትንሿ ጎማ

ሞተሩ ከኋላ፣ ወለሉ ከታች፣ የዕቃ ማስቀመጫው ከመቀመጫው ሥር ሲሆኑ ቦታ እንዲበቃቸው ጎማው ማነስ አለበት። ስኩተር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ኢንች ቸርኬ ይዞ ይመጣል። የመደበኛ ሞተርሳይክል ቸርኬ 17 ወይም 18 ኢንች ነው፤ ለኮረኮንች የተሠራው ደግሞ ከፊት 21 ኢንች ይደርሳል። ሰው ሳማክር ረዥም ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም መንገድ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚሰማው ይህ ነውና።

20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተቆረሰ ጉድጓድ አስፋልት ላይ አለ እንበል። 10 ኢንች ቸርኬ ያለው ስኩተር ጎማው ተጨምሮ ከዳር እስከ ዳር ወደ 43 ሴንቲሜትር ነው፤ ባለ 17 ኢንቹ ወደ 60 ይሆናል። ቢሰላ ትንሹ ጎማ ወደ ጉድጓዱ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ይሰምጣል፤ ትልቁ 1.7 ያህል። አሁን ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ይምጣ። ድንጋዩን ለመውጣት ትንሹ ጎማ የሚጠብቀው መነሻ አቀበት 40 ዲግሪ ግድም ነው፤ ትልቁን የሚጠብቀው 34። ይህ ሁሉ በቅጽበት የሚሆን ነው፤ ስለዚህ ስኩተሩ ድንጋዩን ሲመታ፣ ሞተርሳይክሉ ያልፈዋል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። በአብዛኛው ስኩተር ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ከኋላ ጎማው ጋር አንድ አካል ሆነው አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው የሚያበርደው የጎማውን ክብደት ብቻ አይደለም፤ የሞተሩንም ጭምር ነው። ከባድ ነገር ወደ ላይ ከተወረወረ ቶሎ አይመለስም፤ ጎማው ለቅጽበት ከመሬት ይለያል፣ ወገብዎም ይቀበለዋል። ሞተርሳይክል ላይ ሞተሩ ሻንሲው ላይ ታስሯል፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ጎማውና የያዘው ክንድ ብቻ ነው። ደግሞ ሞተርሳይክል ላይ መጥፎ መንገድ ሲመጣ እግርዎን የእግር ማሳረፊያው ላይ ተክለው ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ማለት ይችላሉ፤ ጉልበትዎ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል። ስኩተር ላይ እግርዎ ወደ ፊት ስለተዘረጋ ብድግ ለማለት መሪውን መሳብ ይኖርብዎታል። ያኔ መሪው ነጻ አይሆንም።

አንድ ምሽት ከዝናብ በኋላ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ በባለ 10 ኢንች ስኩተር ስመለስ ኩሬ የመሰለኝ ነገር ጥልቅ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። የፊት ጎማው ገብቶ እስኪወጣ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ተወራጨ፤ ቸርኬው ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ የተሰማው የብረት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አልወደቅንም። ሲነጋ ሳየው ቸርኬው አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ተጎድቷል። በሳምንቱ በዚያው ጉድጓድ በሞተርሳይክል ሳልፍ መቀመጫዬ ላይ ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር ምንም አልሆንኩም።

ትንሹ ጎማ ደግነትም አለው። መሪው ቀላል ነው፤ በጠባብ መንገድ ላይ ባንድ ጊዜ ይዞርልዎታል፤ በቆሙ መኪኖች መካከል ሲያልፍ ሰውነትዎ ሳይደክም ይታዘዛል። ለስላሳ አስፋልት ባለበት ከተማ ውስጥ ይህ በየቀኑ የሚያስደስት ነገር ነው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ በየቀኑ ከሚሄዱበት መንገድ ሲሶው እንኳን ጠጠር፣ ጭቃ ወይም የተቦረቦረ አስፋልት ከሆነ ሞተርሳይክል ይግዙ። በሌላ ምክንያት የግድ ስኩተር ካስፈለገዎት 14 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ቸርኬ ያለውን ይፈልጉ፤ እንደ ሆንዳ ኤስኤች ያሉ 16 ኢንች የሆኑም አሉ።

እጆችና እግሮች ምን ይሠራሉ

ሞተርሳይክል ላይ አራቱም እግርና እጅ ሥራ አላቸው። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ የፊት ፍሬን ይይዛል። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይጨምቃል። ግራ እግር ማርሽ ይቀይራል፤ አንደኛው ወደ ታች፣ የቀሩት ወደ ላይ፣ ዜሮው በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። ቀኝ እግር የኋላውን ፍሬን ይረግጣል። በዛሬው ስኩተር ላይ እግሮች ሥራ የላቸውም። ቀኝ እጅ እንደዚያው ነው፤ የግራው መጭመቂያ ግን የኋላ ፍሬን ነው።

አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ሞተርሳይክል የለመደ ሰው ሲደነግጥ ግራ እጁን ሙሉ በሙሉ ይጨምቃል፤ ፍሪሲዮን መስሎት ነው። ስኩተር ላይ ያ እጅ የኋላ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ከሆነ ኋላው ተንሸራቶ ይጥላል። የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ፍሬን እየያዘና እየለቀቀ፣ እጁን ያስተምር።

አሁን በራሱ የሚቀየረው ማርሽ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ሁለት ፑሌጃዎች (ቺንጋ የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) አሉ፤ አንዱ ከሞተሩ ጋር፣ ሌላው ወደ ኋላ ጎማው ወገን፤ ሁለቱን ሰፊ ቺንጋ ያገናኛቸዋል። በፊተኛው ፑሌጃ ውስጥ ትናንሽ ተንከባላይ ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ፤ ሲሸሹ የፑሌጃውን ሁለት ገጾች ያቀራርባሉ፤ ቺንጋው ወደ ዳር ይወጣል። ኋላ ያለው ፑሌጃ በተቃራኒው ተከፍቶ ቺንጋውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በዚህ ዓይነት ደረጃ የሌለው፣ ያለማቋረጥ የሚለወጥ ማርሽ ይገኛል። ከኋላው ፑሌጃ ጋር ያለው ፍሪሲዮን ደግሞ በራሱ ኃይል፣ በመሽከርከር ብዛት ተከፍቶ ይይዛል። ሞተሩ ቀስ ሲል ይለቅቃል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይይዛል። አሠራሩ ያምራል፤ በተደጋጋሚ በሚያስቆም የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የግራ እጅን ድካም ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። መጨናነቅ ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ብቻውን ስኩተር ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው።

ሁለት ዋጋ ግን አለው። አንደኛው ቁልቁለት ላይ ነው። ሞተርሳይክል ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ገብቶ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬን እምብዛም አይነካም። ስኩተር ላይ ይህ መያዝ ደካማ ነው፤ ፍጥነቱ እጅግ ሲወርድ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይለቅቅና ተሽከርካሪው እንደ ብስክሌት በራሱ ይንሸራተታል፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። መላው አለ፦ ነዳጁን ለአንድ አፍታ ሰጥተው ይመልሱት፤ ፍሪሲዮኑ እንደገና ይይዝና ሞተሩ ትንሽ ያግዛል። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመጫን ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና ይዞ መልቀቅም ይሻላል። በየቀኑ ረዥም ተራራ የሚወርድ ሰው ግን በመላ ከሚኖር ማርሽ ያለውን ይግዛ።

ሁለተኛው ዋጋ ጀማሪን የሚመለከት ነው፤ ሰዎች «ስኩተር ቀላል ስለሆነ አያስፈራም» ሲሉ የማይነግሩት። ጀማሪው ስኩተሩን አስነሥቶ፣ ከጎኑ ቆሞ፣ ከማቆሚያው ሊያወርደው መሪውን ይይዛል። ስኩተሩ ወደ ፊት ሲላቀቅ ክብደቱ ይጎትተዋል፤ እንዳይወድቅ መያዣውን አጥብቆ ሲይዝ ቀኝ እጁ ነዳጁን ያዞራል። ስኩተሩ ይፈተለካል፤ እርሱ እየተጎተተ የበለጠ ይይዛል፤ የበለጠ በያዘ ቁጥር የበለጠ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተርሳይክል ላይ ግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ኃይሉን ይቆርጠዋል። ስኩተር ላይ ኃይሉን የሚቆርጠው ያው የደነገጠው ቀኝ እጅ ነው። ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ፤ መጨረሻው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ወይም ወንድምዎን ስኩተር ሲያስተምሩ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን፦ ሞተሩ ሳይጠፋ ስኩተር አይገፋም፤ ተቀምጦ ሳለም ግራ እጅ ፍሬኑን ሳይዝ ቀኝ እጅ ነዳጁን አይነካም።

ባትሪ ሲሞትም ይለያያሉ። ማርሽ ያለውን ሞተርሳይክል ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብተው፣ ገፍተው፣ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቅቀው ማስነሣት ይቻላል። ቺንጋ ያለው ስኩተር በመገፋት አይነሣም፤ የእግር መርገጫ ያለው ካልሆነ ባትሪ መፈለግ ነው።

ዕቃ፣ ዝናብና ልብስ

እዚህ ስኩተር ያለ ክርክር ያሸንፋል። ከመቀመጫው ሥር የራስ ቁር የሚያስገባ ማስቀመጫ አለ፤ ወለሉ ላይ ከረጢት በእግር መካከል ይቀመጣል፤ ጋሻው ዝናቡንና ጭቃውን ከሱሪና ከጫማ ያርቃል። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ረዥም ካፖርት አያስቸግሩም። ጉልበት የሚያመው ወይም እግሩን ከፍ አድርጎ ማሻገር የማይችል ሰው ስኩተር ላይ ገብቶ ይቀመጣል። ሞተርሳይክል ላይ ተጨማሪ ሣጥን ገዝተው ካላሰሩ በቀር ዕቃው የጀርባዎ ነው። ከባድ ጭነት በዘላቂነት ከኋላ የሚያስሩ ከሆነ ግን የስኩተር ክብደት ቀድሞውኑ ወደ ኋላ እንዳዘነበለ ያስቡ፤ ሲጨመርበት ፊቱ ይቀልላል፣ መሪውም ይዋልላል።

ሩቅ መንገድ

125 ሲሲ ስኩተር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥራል። ተመሳሳይ ሲሲ ያለው ሞተርሳይክልም ብዙ አይበልጠውም፤ ነገር ግን በትልቅ ጎማው የተነሣ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይጠብቃል፤ ከጎን ነፋስ ሲመጣ ወይም ከባድ መኪና ሲያልፍ ጉልበትዎ ታንኩን ይዞ ሰውነትዎን ያረጋጋል። ስኩተር ላይ የሚይዙት መሪውን ብቻ ነው። የስኩተር የነዳጅ ታንክ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሊትር ይይዛል፤ የሞተርሳይክል ከ10 ሊትር በላይ መያዝ የተለመደ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳን ከከተማ ወጥተው ረዥም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ልብዎ ለስኩተር ቢያደላም ሞተርሳይክሉን እመክርዎታለሁ።

ቡሎን ሲፈታ

የሞተርሳይክል ጥገና በዓይን የሚታይ ነው። ካቴናው ውጭ ነው፤ በየ500 ወይም 1,000 ኪሎ ሜትሩ ማጽዳትና ዘይት መቀባት፣ መላላቱንም መለካት ያስፈልገዋል። ሲቆሽሽ ያዩታል፣ ሲላላ ይሰሙታል። ሞተሩ ነፋስ ላይ ስለተቀመጠ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ለመቀየር አብዛኛውን ጊዜ አንድ መፍቻ ይበቃል።

ስኩተር በየሳምንቱ ምንም አይጠይቅዎትም፤ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ቺንጋው በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ሲያልቅ አይታይም። በብዙ ሞዴሎች ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ እንዲቀየር ይታዘዛል፤ የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ቁርጡን ይነግርዎታል። ሳይቀየር ቀርቶ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ስኩተሩ እዚያው ይቆማል። ሌላው የሚረሳው ነገር የኋላ ጎማው እምብርት አጠገብ ያለው የማርሽ ዘይት ነው። መጠኑ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ ከሞተሩ ዘይትም የተለየ ነው። የሞተሩን ዘይት በጊዜው የሚቀይር ጠንቃቃ ሰው እንኳን ይህን ለዓመታት ሲረሳው አያለሁ። ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዘው ስኩተር ሞተሩ በፕላስቲክ ስለተሸፈነ ነፋሱን የሚያገኘው በውስጥ ባለ ማራገቢያ ነው፤ መግቢያው በጭቃና በቅጠል ሲደፈን ሞተሩ ይግላል። ካንዴላ ለመድረስም አስቀድሞ ሽፋን መፍታት የሚያስፈልግባቸው ብዙ ናቸው፤ የእጅ ዋጋ የሚጨምረው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ እጁ ሥራ የማይጠላ ሰው ሞተርሳይክል ቢይዝ በራሱ ይጠብቀዋል። መፍቻ መንካት የማይፈልግ ሰው ስኩተር ይያዝ፤ ግን ቀኑን በወረቀት ጽፎ ለባለሙያ ይውሰደው።

ሁለቱም ያው የሆኑበት

አደጋ ላይ ልዩነት የለም። አስፋልት ስኩተር ነው ብሎ አይራራም። ስኩተር የገዛ ሰው የራስ ቁሩን መቀመጫው ሥር አስቀምጦ ሲነዳ ሳይ ልቤ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ የራስ ቁር አደጋ ለደረሰበት ነጂ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚገዙበትን ገንዘብ ሲያስቡ የራስ ቁሩንና ጓንቱን ከተሽከርካሪው ዋጋ ጋር ደምረው ያስቡ። ገንዘቡ ለእነዚህ ሁለቱ ከማይበቃ ተሽከርካሪው ይነስ።

ጎማ ሳይቆለፍ እንዲቆም የሚያደርገው ኤቢኤስ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ እርሱ ወይም ሁለቱን ፍሬን አጣምሮ የሚይዘው ሥርዓት በቂ ነው። ከሁለት ተመሳሳይ ምርጫዎች አንዱ ኤቢኤስ ካለው እርሱን ይውሰዱ፤ ስኩተርም ይሁን ሞተርሳይክል።

መንጃ ፈቃድም በብዙ አገር ቅርጽ አይቶ አይሰጥም። የአውሮፓ ኅብረት ኤ1 ምድብ ለምሳሌ የሚያየው ሞተሩ ከ125 ሲሲ፣ ኃይሉም ከ11 ኪሎዋት አለመብለጡን ነው። «ስኩተር ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎ ሕጉን ራስዎ ያንብቡ።

በመካከል ያሉት

ንጹሕ መስመር ማስመር የማይቻልባቸውም አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሆንዳ ሱፐር ካብ ነው። እግር ወደ ማዶ የሚሻገርበት ቦታው ዝቅ ያለ ነው፤ የእግር ጋሻም አለው፤ ይህ ከስኩተር ነው። ባለ 17 ኢንች ጎማው፣ በእግር የሚቀየረው ማርሹ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረው ሞተሩ ደግሞ ከሞተርሳይክል ነው። ፍሪሲዮኑ በራሱ ስለሚሠራ ለግራ እጅ መጭመቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረተው ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ፤ በሞተር ከሚሄዱ ተሽከርካሪዎች መካከል ይህን ያህል የተመረተ ሌላ ሞዴል የለም። መንገዱ መጥፎ፣ ኪሱ ጠባብ፣ ፍላጎቱ መድረስ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ቤተሰብ ከሁለቱም የተሻለ ምርጫ ነው፤ ያለማመንታት እለዋለሁ።

በላይኛው ጫፍ ትልልቆቹ ስኩተሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጣው ያማሃ ቲማክስ ሞተሩን ከኋላ ጎማው ነጥሎ ሻንሲው ላይ አሰረው፤ ስለዚህ ተቀምጠውበት እንደ ሞተርሳይክል ይታጠፋል። ክብደቱ ግን 200 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ስኩተር ቀላል ነው የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ ሞተራቸው ቸርኬው ውስጥ የገባ ከሆነ ስለ ከባድ የኋላ ጎማ የተናገርኩት ሁሉ በእነርሱም ላይ ይሠራል።

ሲገዙ በእጅዎ የሚያረጋግጡት

ከመንዳትዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው ይግፉት። ወደ ፊት አይደለም፤ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ዳገት ላይ። ቤትዎ ሲገቡ በየማታው የሚያደርጉት ያንኑ ነውና። ከዚያ ይቀመጡና ሁለቱም እግርዎ መሬት መንካታቸውን ይዩ። የስኩተር መቀመጫ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሰፊ ነው፤ ጭንን ስለሚከፍት አጭር ሰው ከሚያስበው በላይ እግሩ አይደርስም። ከጠባብ ሞተርሳይክል ጋር ሳያነጻጽሩ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ።

ያገለገለ ከሆነ ሞተርሳይክል ላይ የኋላውን የካቴና ጥርስ ይዩ፤ ጥርሶቹ እንደ ማዕበል ወደ አንድ ወገን ከተጎነበሱ ካቴናውና ጥርሱ አንድ ላይ ሊቀየሩ ነው። ካቴናውን ከኋላኛው ጫፍ በጣትዎ ሲስቡት ከጥርሱ ተላቆ ግማሽ ጥርስ ካሳየም እንደዚሁ። ስኩተር ላይ ከቆመበት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋል ወይም ቆሽሿል። በመካከለኛ ማቆሚያው አቁመው የኋላውን ጎማ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይወዝውዙት፤ ከጎማው ጋር ሞተሩ ሁሉ ልቅ ሆኖ ከተንቀሳቀሰ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያይዙት ላስቲኮች አልቀዋል፤ ቢነዱት ኋላው ይዋኛል።

ከዚያም ለሁለቱም፦ ረዳት ኋላውን ተጭኖ የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሣልዎት። መሪውን በአንድ ጣት ብቻ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ከግራ ዳር ወደ ቀኝ ዳር ይውሰዱት። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የመቀመጥ፣ እንደ ጉድጓድ ውስጥ የመግባት ስሜት ከሰጠዎት የመሪው ኩሽኔታ (መሪው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት) ተመትቷል። በትንሽ ጎማ ስኩተር ላይ ይህን ብዙ ጊዜ ያገኙታል፤ ያ ሁሉ ጉድጓድ እዚያ ተመዝግቧል። ሻጩ «ትንሽ ቅባት ነው የሚያስፈልገው» ቢልዎት የኩሽኔታውንና የእጅ ዋጋውን ጠይቀው ከዋጋው ያስቀንሱ።